ድምፅ ያጡ ኩባያዎች

የካቲት 9፣ ሰኞ

መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንት ሆነ። ይኼን ደብተር ነርሷ ነበረች የሰጠችኝ፣ የሚሰማሽን ሁሉ ጻፊበት ብላ። ሕክምናው እያለ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላሁም፤ አሁን ሲያልቅ ልጽፍ ተነሣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ ኩባያ ፋብሪካው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጠረጴዛዬ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆየኝ። ዱላዬም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ እጀታው ላይ የጠቀለልኩት ጨርቅ እንኳ አልተፈታም። ኃላፊው ሌላ ሰው ሊያስቀምጥበት ባሰበ ቁጥር የእቶኑ ሰው ትመጣለች፣ ትመጣለች እያለ ሲያጓትት ከረመ አሉ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እንዲህ ያለ ማጓተት ችሎታ ይጠይቃል።

ከእቶን የወጣ ኩባያ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ከንፈሩን በዱላው ቸብ አደርገዋለሁ። ደህናው ጥን ይላል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። ውስጡ ስንጥቅ ያለበት፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም፣ ቋ ብሎ ይቀራል። ይኼን እኛ ዲዳ እንለዋለን። ደህናው ወደ መጠቅለያ ክፍል ይሄዳል፣ ዲዳው ወደ ውዳቂ ሳጥን፤ ከዚያ ተፈጭቶ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። በዚህ ሥራ የተነሣ ስሜ ጆሮ ነው። የእቶኑ ሰው ሲቀልድብኝ ደግሞ ጆሮ ጠቢዋ ይለኛል። ዛሬም ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ አንድ ነገር አለኝ፣ ያንኑ ሳይሆን አይቀርም። ሳቅሁለት።

ይኼ ጠረጴዛ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታናሽ እህቴ ናት የተሸከመችኝ። ከእንግዲህ በእሷ ጫንቃ ላይ መክረም አልፈልግም። ከማንኳኳት ሌላ ደግሞ የማውቀው ሥራ የለኝም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ደከመኝ። ደረጃው መሐል ቆሜ ትንፋሼን ጠበቅሁ። እህቴ ጠዋት ደህና ዋይ ሳትለኝ ወጣች። ቸኩላ ይሆናል።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ነርሷ ያለችኝን ልጻፍ። ጉልበቴን ያመኛል፣ በተለይ ስነሣ። ውስጥ እግሬ ደንዝዟል፤ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ሳላውቅ በካልሲ ግቢውን አቋርጫለሁ። በጨለማ ስሄድ ወለሉ ይንሳፈፍብኛል፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የምሄደው። መርፌ የተወጋሁበት ዳሌዬ አሁንም ጓል ጓል ይላል። ፊቴን መድኃኒቱ አጥቁሮታል። ቀስ ብሎ ይመለሳል ብለውኛል፤ ታች ቤት ያለው ጡረተኛ ግን ባሕር ዳርቻ ከርመሽ መጣሽ ወይ አለኝ። አዎ፣ ገንዘብ ተርፎኝ አልኩት።

ጆሮዬ ይጮኻል። ይኼ ከመርፌው ጊዜ ጀምሮ ያለ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። እናታችን ጆሮ ሲጮኽ ሰው እያማሽ ነው ትል ነበር። እንደሷ አባባል ከሆነ እኔን ያላማኝ ሰው የለም።

ቀለም ነካሪዎቹ ሴቶች አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚሠሩት። ለዱቄቱ ነው፣ ድሮም ይሸፍኑ ነበር። ድሮ ግን ጨርቁ ሥር ሆነው ሲንጫጩ ይውሉ ነበር፤ አሁን እኔ ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ትከሻቸው ሲነቀነቅ ብቻ ነው የሚታየኝ። በምን እንደሚስቁ አልጠየቅኩም። ምን ብዬ?

የካቲት 15፣ እሑድ

ቤት ዋልን። የግድግዳው ሰዓት ድምፁን አጥፍቷል፣ ግን ይሠራል። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ ቀየርኩለት፤ ያው ነው። ጥሩ ሰዓት ወጣው። መስኮቱ ሥር ያለው ዛፍ ላይም ወፎቹ ዘንድሮ ዝምተኞች ናቸው። ቅርንጫፉን ሞልተውታል፣ አይንጫጩም። ሁሉም ሰውና እንስሳ ተመካክሮ ዝም ያለ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ የሚያፏጨውን ማንቆርቆሪያ ጥጄ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። እህቴ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጥታ ምድጃውን አጠፋች። ውኃው አልቆ ታቹ ጠቁሯል። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ በቁጣ። ማንበብ ስጀምር ሌላ እንደማይታየኝ ታውቂያለሽ አልኳት።

ውሸት አይደለም። ፊደል የለየሁት በፋብሪካው መጠቅለያ ወረቀት ነው። ልጅ ሆኜ የገባሁት መጠቅለያ ክፍል ነበር፤ አሮጌ ጋዜጣ፣ የተገነጣጠለ መጽሐፍ፣ የተማሪ ደብተር በጆንያ ይመጣልናል። አንዷ ሴትዮ ፊደሎቹን አሳየችኝ፣ የቀረውን ራሴ ገጣጠምኩት። እስከ ዛሬ ያነበብኳቸው ታሪኮች አብዛኞቹ መጨረሻ የላቸውም። መጨረሻቸውን የሆነ አገር የሆነ ሰው ኩባያ ሲፈታ ጥሎታል።

እህቴ ግን ተማረች። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት ማለት ደስ ይለኛል፣ ለሰው ግን አልልም።

ከመታመሜ በፊት እታለም ነበር የምትለኝ። ይኼን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ቆየሁ። ኩባያዬም ለብቻው መስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ አታስገባውም። ድናለች፣ ለማንም አታስተላልፍም ብሎ ሐኪሙ ራሱ ነግሯታል። ልብ ግን ከሐኪም ይልቅ ፍርሃትን ይሰማል። አልፈርድባትም።

ኩባያውን የሰጠኝ የእቶኑ ሰው ነው። ሆስፒታል የገባሁ ሰሞን ሌሎቹ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አወዛውዘው ሲመለሱ እሱ አፉን ሸፍኖ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ አውጥቶ በጥፍሩ መታው። ጥን አለ፤ ጥግ የተኛችው ሴት እንኳ ቀና ብላ አየች። "ይኼ እሳት ገብቶ የወጣ ነው፤ አንቺም ትወጫለሽ" አለኝ። ያን ሁሉ ኪኒን የዋጥኩት በሱ ነው። አሁንም ሳየው ያቅለሸልሸኛል፣ ግን በሌላ መጠጣት አልፈልግም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ዛሬ ከአንድ ሳንቃ ላይ ካነሣኋቸው ኩባያዎች ግማሾቹ ዲዳ ሆኑብኝ። ደግሜ መታሁ። ያው። ሌላ ሳንቃ፣ ያው። ጭቃው ተለውጦ ይሆን? ወይስ እቶኑ ሳይበርድ ነው የሚያወጡት? ኩባያ ከሙቀቱ በጥድፊያ ከወጣ ይሰነጠቃል። የእቶኑ ሰው ግን ይኼን ለሌላ የሚያስተምር እንጂ የሚሳሳት ሰው አይደለም።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ኃላፊው መጣ። ውዳቂ ሳጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ። ሲናገር አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ጢሙ ነው የሚያጉተመትመው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ወይ እሱም ከእኔ እየራቀ ነው። ጠጋ ስል ወደ ኋላ አለ። ምክንያቱ ምንድን ነው ማለቱ ነው ብዬ ገመትኩ። ጭቃው ይሆናል አልኩት። ጭቃው አልተለወጠም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ታዲያ እሳቱ ነዋ አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ሌላ ምን ቀረ? ጭቃው ካልሆነ እሳቱ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ላስበው አልፈለግሁም።

እህቴ ዛሬም ዝም ብላ ወጣች።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ክሊኒክ ነበርኩ። ሳንባሽ ንጹሕ ነው አለችኝ ነርሷ። ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅላ በጣቷ እያሳየች ነው የነገረችኝ፣ አንድ ጠባሳ ብቻ ግራ ጎኔ ላይ። ይቺ ነርስ ስታወራኝ ፊት ለፊቴ ቆማ ቀስ ብላ ስለሆነ ከእሷ ጋር አይደክመኝም። እግርሽስ? አለች። ነገርኳት። ጉልበትሽስ? ነገርኳት። ጆሮሽስ?

ደህና ነው አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ይጮኻል፣ እሱ ድሮም ነው ብዬ ጨመርኩ። የመስማት ምርመራ ይታዘዝልሽ ወይ አለችኝ። ሥራ ስለገባሁ ጊዜ የለኝም አልኳት።

ለራሴ ልጻፈው። ያኔ መርፌው ሲጀመር ጆሯችሁ ከጮኸ ወዲያው ንገሩን ብለውን ነበር። ከአጠገቤ የተኛችው ሴት ነገረቻቸው፤ መርፌውን አቆሙላት፣ ሌላ መድኃኒት ቀየሩላት። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ እኔ አላውቅም፣ ነርሷ በዚያ አይደለም ብላኛለች። አልጋዋ ግን ባዶ ሆኖ አየሁት። ከዚያ በኋላ ጆሮሽስ ባሉኝ ቁጥር ደህና ነው እላለሁ። አፌ ለምዶታል።

የካቲት 27፣ ዓርብ

የእቶኑን ሰው አነሡት።

ነገሩን እስኪያጣሩ ድረስ ነው አሉ። ግቢው ውስጥ ሳጥን ጫኝና አውራጅ አድርገውታል። ወገቡ የታመመ ሰው ነው፤ ከኩርሲው ሲነሣ እንኳ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ይደግፋል። ዕድሜውን በሙሉ ከዚያ እቶን ፊት አልተለየም፣ ቅንድቡ እንኳ የተቃጠለው እዚያ ነው።

ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ጠበቅሁት። ምን ልለው እንደነበር ረሳሁት። እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም አልኩ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ፊቴን እያየ ነው የመለሰልኝ፤ ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ።

"ተዪው። የእኔ እሳት ይሳሳታል፤ ያንቺ ጆሮ አይሳሳትም። አንቺ ካልሽ ልክ ነው።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ዝናብ። ከእህቴ ጋር ተጣላን።

እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነበር፤ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ረስቼ። እሷ መጥታ ስታንኳኳ ቆይታለች። እኔ ኩሽና ነበርኩ፣ ድንች እልጥ ነበር። በመጨረሻ ጡረተኛው ወጥቶ በሩን በክራንቹ ሲደበድበው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው ብቅ ያልኩት። ፀጉሯ ላይ ውኃ ይወርዳል። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤

"ካልፈለግሽኝ ንገሪኝ። ሳናግርሽ ግድግዳ ነሽ፤ ስመጣ በር ትቆልፊብኛለሽ። ምን አደረግሁሽ?"

እኔ? እኔ ነኝ የምዘጋት? ጠዋት ጠዋት ቃል ሳትተነፍስ የምትወጣው ማን ናት? ኩባያዬን እንደ መርዝ ለብቻው ያስቀመጠችውስ? ይኼን ሁሉ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ስናገር ሳበላሽ እንጂ ሳስተካክል ራሴን አይቼ አላውቅም። ድንቹን ልጬ ጨረስኩ። ሾርባውን ለየብቻ በላን።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ተኝታ እያለች ፎጣዋን አድርቄ አጠፍኩላት። አላየችም፣ ወይም አይታ ዝም አለች።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

አዲሱ የእቶን ሠራተኛ ያወጣው የመጀመሪያው ሳንቃ ዛሬ ደረሰኝ። ወጣት ነው፣ በዲፕሎማ የመጣ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

የመጀመሪያውን መታሁ። ቋ። ሁለተኛውን። ቋ።

ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ሁለት የተለያየ እሳት። አንድ ዓይነት ድምፅ።

ሦስተኛውን መታሁና ወደ ደህናዎቹ አስቀመጥኩት። አራተኛውንም። ዓይኔን ጨፍኜ የምሰማ እየመሰልኩ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አደረግሁ፤ ሰው እንዳይጠረጥር ጥቂት ወደ ውዳቂው ጣልኩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ደስ ብሎታል። ችግሩ ከሽማግሌው ነበር ብሎ እንደሚያወራ አልጠራጠርም።

በመስኮቱ የእቶኑን ሰው አየዋለሁ። ሳጥን አውርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ እጁን ከወገቡ ኋላ አድርጎ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ወደ ሳንቃው ዞርኩ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ያው ነው ያደረግሁት።

መጋቢት 10፣ ኀሙስ

እንቅልፍ የለም። መብል አይወርድም። ነርሷ ብትጠይቀኝ መድኃኒቱ ነው እላት ነበር። መድኃኒቱ ካለቀ ቆየ። አንዱ ሰው ቤት የእኔ ስንጥቅ ኩባያ ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት ለሁለት ቢሆንስ? ልጅ እጅ ላይ ቢሆንስ?

መጋቢት 13፣ እሑድ

እህቴ ገበያ ወጣች። ኩባያዬን ከመስኮቱ አነሣሁ።

ይኼን ኩባያ አውቀዋለሁ። ድምፁን ሆስፒታል ክፍሉ ሁሉ ሰምቶታል። በጥፍሬ መታሁት። በማንኪያ መታሁት። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ መታሁት። ቋ።

ምናልባት ተሰንጥቆ ይሆናል አልኩ፤ ብዙ ትኩስ ውኃ ጠጥቶ፣ ብዙ ታጥቦ። ያን ጊዜ እንዲህ እንዲሆን ጸለይኩ ማለት እችላለሁ። ያ ሰው የሰጠኝ ኩባያ እንዲሰበር ነው የተመኘሁት። ውኃ ሞላሁትና ቀለም የሚያሳይ እንዲሆን ጥቂት ሻይ ጨመርኩበት፤ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። ድሮ አሮጌዎቹ ሠራተኞች እንዲህ ያጣሩ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስንጥቅ ካለ ቀስ እያለ ያልባል፣ ወረቀቱ ላይ ቀለበት ይተዋል።

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጋዜጣው ላይ ስለ አንድ መርከብ ተጽፏል፣ ከወደቡ ወጥቶ ወሬው ስለጠፋ መርከብ። የተቀደደው እዚያ ላይ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጣች፣ ከግድግዳውም ሄደች።

ኩባያውን አነሣሁት። ወረቀቱ ደረቅ ነው።

ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየሁት፣ ዛፉ ላይ የተሰበሰቡትን ወፎችም። ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አየሁት።

እህቴ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አገኘችኝ። አንድ ነገር ተናገረች። አልሰማሁም። አልሰማሁም ብዬ መጻፌ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ከሁሉ በፊት የእቶኑ ሰው ጋ ሄድኩ። ከጭነት መኪናው ሳጥን ሲያወርድ ነበር። ና አልኩት፤ ለምን አላለም። ኃላፊውንም ጠራሁት። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ጋ አቆምኳቸው።

ዱላዬን ለእቶኑ ሰው ሰጠሁት። ራሱ ካወጣቸው ኩባያዎች አንድ ያልተነካ ሳንቃ ጥግ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን አስመጣሁ። እኔ ጀርባዬን እሰጣችኋለሁ፣ አንተ እያነሣህ ምታ፣ እኔ ደህና ወይም ዲዳ እላለሁ አልኩት። ኃላፊው ምን ዓይነት ጨዋታ ነው የሚል ፊት አሳየኝ።

ዞሬ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ጋሪ ይገፋል። መስተዋቱ ላይ ዝንብ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትሄዳለች። ዱላው ሲያርፍ ቢያንስ ትንሽ ነገር ይሰማኛል ብዬ ነበር፣ ቋ እንኳ ብትሆን። ጠበቅሁ። ሽማግሌው አዝኖልኝ ሆን ብሎ ሳይመታ የቆየ መሰለኝ።

"ጀምር እንጂ" አልኩ።

ምንም። ትንሽ ቆይቼ ዞርኩ።

ሳንቃው ባዶ ነው። ኩባያዎቹ በሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል፣ በሥርዓት፣ እጀታቸው ወደ አንድ ወገን። ኃላፊው ወለሉን ያያል። የእቶኑ ሰው ዱላውን አስቀምጦ ወደ ፊቴ ተጠጋ። ቅንድብ በሌለው ዓይኑ ዙሪያ እርጥበት አለ።

"ጨርሻለሁ" አለኝ። "ሁሉም ደህና ናቸው።"

ለኃላፊው ነገርኩት። እሳቱ ደህና እንደነበር፣ ውዳቂ ሳጥን ውስጥ ገብተው የተፈጩት ደህና ኩባያዎች እንደነበሩ፣ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ያሳለፍኳቸውን ሁሉ ከመጋዘን አውጥተው ሌላ ሰው እንዲያንኳኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ይሁን ዝቅ ብሎ አላውቅም፤ ቀለም ነካሪዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩኝ ስለነበር ከፍ ያለ ይመስለኛል። አንዷ ጨርቁን ከአፏ አወረደችና አንድ ነገር አለችኝ። አይዞሽ ትመስላለች። ቀርባ ደገመችልኝ። አይዞሽ ነው።

ኃላፊው ወደ ቤት ሂጂና ነገ እንነጋገር አለ። አለ መሰለኝ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

የእቶኑ ሰው ወደ እቶኑ ተመለሰ። እኔን ለጊዜው መጠቅለያ ክፍል አስገቡኝ፣ ልጅ ሆኜ ወደ ጀመርኩበት። ለጊዜው የሚለው እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጠረጴዛዬን ቀና ብዬ ሳላይ አለፍኩ። ዱላዬን ግን ማን ያዘው ብዬ በጎን አየሁ። ማንም አልያዘውም።

የእቶኑ ሰው አላናገረኝም። በአጠገቤ ሁለቴ አለፈ። ልክ ነው። ያ ሁሉ ሳጥን በዚያ ወገብ።

ከሥራ በኋላ የጋዜጣ ቁራጭ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ጽፎበታል፤ ፊደሉ የፍየል ዱካ ይመስላል፣ ያነበብኩት ለምጄ ነው። "ተቀይሜሻለሁ። እስከ ዓርብ።"

መጋቢት 17፣ ኀሙስ

እህቴ ፈቃድ ጠይቃ ክሊኒክ አብራኝ ሄደች። እኔ ነኝ የለመንኳት። እሑድ ማታ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ እሷ ስትመልስልኝ ግን ብዙው አመለጠኝ፣ መብራቱ ደካማ ስለነበር አፏ አይታየኝም።

ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ። ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። በመስተዋቱ ማዶ እህቴ ስታየኝ ነበር። ድምፁ እየተላከ እንደሆነ በእሷ ፊት ላይ ነው ያነበብኩት።

ነርሷ ወረቀት ላይ መስመር ስላ አስረዳችን። ወፍራም ድምፅ ቀርቶልኛል። ቀጭኑ ሄዷል፤ ወፍ፣ ፉጨት፣ የኩባያ ጥን ማለት፣ ከሰው ንግግርም አንዳንዱ ፊደል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን የሚያጎላ መሣሪያ ለማግኘት ወረፋ አስያዘችን። ያኔ ብትነግሪን ኖሮ አላለችም። እኔ አልኩት፤ ያኔ ብነግራችሁ ኖሮ። እሷም ብትነግሪን መድኃኒቱን እንለውጠው ነበር አለች፣ ቀስ ብላ፣ ፊቴን እያየች። ያቺ ሴት አልጋዋ ለምን ባዶ እንደሆነ ደግማ ነገረችኝ። የመጣችው ዘግይታ ነበር። አሁን አመንኳት። ስላመንኳት አልቀለለኝም።

አለቀስኩ? አይ። ደክሞኝ ነበር። እህቴ ግን በመንገድ ሁሉ እጄን ይዛ ስለነበር መሬቱ አልተንሳፈፈብኝም።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ቂሙ አልቋል። ቁራጭ ወረቀት መጣልኝ። "ከእንግዲህ ጆሮ ጠቢ ልልሽ አልችልም። ስም ፈልጊ።" ከሥሩ ጻፍኩለት፤ ወገብህ እንዴት ነው? አነበበውና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ተነሥቶ አሳየኝ፣ እንደ ሽማግሌ ዳንሰኛ። መጠቅለያ ክፍሉ በሳቅ ተነቃነቀ። ትከሻቸውን አየሁ። ደህና ሳቅ ነው።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ከእህቴ ጋር መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቀስ ብላ ስታወራ ብዙውን እይዘዋለሁ። ስለ ኩባያው ጠየቅኳት። ለምን ለብቻው? ግራ ገብቷት አየችኝ። አንቺ ነሽ እዚያ ያስቀመጥሽው አለች፣ ከሆስፒታል የተመለስሽ ቀን፣ ማንም እንዳይነካብኝ ብለሽ። እኔ ያንቺን ቃል ነው የጠበቅሁት።

ብያለሁ። አስታወስኩት።

ከዚያ የከበደኝን ጠየቅኳት። ጠዋት ጠዋት ለምን ዝም ብለሽ ትወጫለሽ? አፏን በእጇ ያዘች። እጇን አንሥታ ነው የተናገረችው፣ ከንፈሯን እንዳይ ብላ።

"አንድም ቀን ዝም ብዬ ወጥቼ አላውቅም። እዚያ በሩ ላይ ቆሜ እላለሁ፤ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሻይሽን ትጠጫለሽ።"

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ዛሬ ከመቀመጤ በፊት ወንበሩን አዞርኩት። ለወፎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ከበሩ ትይዩ ተቀመጥኩ። ሻዬ እጄ ላይ ነው።

ቦርሳዋን አነገተች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ቁልፏን ፈልጋ ኪሷ ውስጥ አገኘችው። በሩ ላይ ዞር አለች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ሁለት ቃል ነበር የጠበቅሁት። ሦስት ነው።

ደህና ዋይ፣ እታለም።